ከባሕር ዳር ወጥተው በውጭ አገር ለሚኖሩ፦ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ባቡርና ስለ ሜትሮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለመኖር ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ስለ ቪዛ፣ ስለ ሻንጣ ክብደትና ስለ ብርድ ልብስ የሚነግራቸው ሰው አያጡም። በማግሥቱ ከቤት ወጥተው ሥራ ቦታ ወይም ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚደርሱ ግን አስቀድሞ የሚያስረዳቸው ጥቂት ነው። ጥያቄዎቹ ለመሄድ ከተዘጋጁት፣ ሄደው ከሚደውሉትና እዚህ ሆነው ከሚጨነቁ ወላጆች የመጡ ናቸው። ዋጋና ደንብ ስለሚለዋወጥ፣ እዚህ የተጠቀሰውን ከመጓዛችሁ በፊት በምትሄዱበት ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት መረጃ አመሳክሩት።

እዚህ ከለመድነው ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ልዩነት ምንድን ነው?

እዚህ መንገዱን የሚያውቅልን ሰው ነው። ረዳቱ «ፔዳ! ፔዳ!» ወይም «ዓባይ ማዶ!» እያለ ይጣራል፤ ካልሰማን እንጠይቃለን። ሂሳብ የምንከፍለው ከተቀመጥን በኋላ ነው። መውረጃችን ሲቃረብ «ወራጅ አለ» እንላለን፣ መኪናውም ይቆማል። የማናውቀው ሰፈር ብንሄድ እንኳ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው «እኔም እዚያው ነኝ፣ አሳይሃለሁ» ይለናል።

በአብዛኞቹ የአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተሞች ይህ ሁሉ በጽሑፍና በማሽን ተተክቷል። የሚጣራ የለም፤ የመስመሩ ቁጥርና የመጨረሻው ፌርማታ ስም በአውቶቡሱ ግንባር ላይ ተጽፏል። ክፍያው ከመሳፈር በፊት ወይም በሩ ላይ ነው። አውቶቡሱ የሚቆመው በተወሰነለት ፌርማታ ብቻ ነው፤ ሃምሳ ሜትር አልፎ ቢለምኑትም አይቆምም። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርባችኋል፦ በምን እንደምትከፍሉ፣ ወዴት አቅጣጫ እንደምትሄዱና የት እንደምትወርዱ። የሚከተሉት መልሶች በአብዛኛው የእነዚህ ሦስቱ ማብራሪያ ናቸው።

ለሾፌሩ በጥሬ ገንዘብ መክፈል አይቻልም?

በብዙ ቦታ አይቻልም። የለንደን አውቶቡሶች ከሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። እዚያ ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ፣ ንክኪ የሌለው የባንክ ካርድ ወይም ስልክ በማሽኑ ላይ ታስጠጋላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ስማርትሪፕ፣ ዱባይ ኖል፣ ሪያድ ዳርብ፣ እስራኤል ራቭ ካቭ የሚባሉ ካርዶች አሏቸው። ሁሉም የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ገንዘብ ይሞላባቸዋል፣ ስትሳፈሩ ይቀንሳሉ።

ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛው፣ በለንደን የመሬት ውስጥ ባቡር፣ በዋሽንግተን ሜትሮና በዱባይ ሜትሮ ስትገቡም ስትወጡም ካርዱን ማስነካት ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ሂሳቡ የሚሰላው በተጓዛችሁት ርቀት ነው። በለንደን ስትወጡ ሳታስነኩ ከቀራችሁ ማሽኑ የት እንደወረዳችሁ ስለማያውቅ ከፍተኛውን ዋጋ ያስከፍላችኋል። በለንደን አውቶቡስ ግን የሚነካው ስትገቡ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ በባንክ ካርድ ከገባችሁ በዚያው በካርዱ ውጡ። ያው የባንክ ካርድ ስልካችሁ ውስጥ ቢኖርም፣ በካርዱ ገብታችሁ በስልኩ ብትወጡ ማሽኑ ሁለት የተለያዩ መንገደኞች አድርጎ ይቆጥራችኋል።

የለንደን አውቶቡስ ለአዲስ መጤ የሚጠቅም አንድ ደንብ አለው፤ በመጀመሪያ ካስነካችሁበት ጊዜ አንሥቶ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሌሎች አውቶቡሶች ብትሳፈሩ ተጨማሪ አትከፍሉም። አውቶቡስ ተሳስታችሁ ብትገቡ ሳትደነግጡ ወርዳችሁ ትክክለኛውን መያዝ ትችላላችሁ ማለት ነው።

በር ላይ የሚፈትሽ ካላየሁስ፣ በነጻ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህንን በሰፊው የማብራራው ብዙ ተማሪ በመጀመሪያው ወር የሚጎዳበት በመሆኑ ነው።

በጀርመን ባቡር ጣቢያዎች እንደ ለንደን ወይም እንደ ዋሽንግተን በካርድ የሚከፈት በር የለም። ከመንገድ የመጣ ሰው ሁሉ ደረጃውን ወርዶ ባቡሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ግን በእምነት የተሠራ ሥርዓት እንጂ የነጻ አገልግሎት አይደለም። ተቆጣጣሪዎች ብዙ ጊዜ የደንብ ልብስ አይለብሱም፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ መታወቂያቸውን አውጥተው ትኬት ይጠይቃሉ። ትኬት የሌለው ሰው 60 ዩሮ ይቀጣል። «ገና ትናንት መምጣቴ ነው»፣ «ማሽኑ ቋንቋዬን አያውቅም» ማለት ቅጣቱን አያስቀርም።

ትኬት መግዛትም ብቻውን የማይበቃበት ቦታ አለ። በብዙ የጀርመን ከተሞች፣ እንዲሁም በጣሊያን የክልል ባቡሮች፣ የወረቀት ትኬት ከመሳፈር በፊት ሰዓት በምታትም ትንሽ ማሽን ውስጥ መግባት አለበት። ያልታተመበት ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ትኬቱን በኪሱ ይዞ የሚቀጣ ሰው ብዙ ነው፤ እጅግ የሚያሳዝነውም እሱ ነው፣ ከፍሎ ነውና።

ተቆጣጣሪ ከያዛችሁ አትሩጡ፣ የሌላ ሰው ስምም አትስጡ። ወረቀቱን ተቀበሉ፤ በተጻፈላችሁ ቀን ውስጥ ክፈሉ። በስማችሁ የወጣ ወርሃዊ ትኬት እያላችሁ ቤት ረስታችሁት ከሆነ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢሮው ሄዳችሁ ስታሳዩ ቅጣቱ ወደ 7 ዩሮ ዝቅ ይላል። ሆን ብሎ ሳይከፍሉ መጓዝ ግን በጀርመን የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን በየጊዜው ማሳደስ ያለበት ሰው በጥቂት ዩሮ ምክንያት ስሙ በፖሊስ መዝገብ እንዲገባ መፍቀድ የለበትም።

ወርሃዊ ትኬት ይሻላል ወይስ በየጉዞው መክፈል?

በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትመላለሱ ቁጠሩና የነጠላውን ዋጋ አባዙት፤ መልሱ እዚያው ይወጣል። ተማሪ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ፤ በጀርመን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትራንስፖርት ትኬትን ከሴሚስተሩ ክፍያ ጋር አጣምረው ስለሚሰጡ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ።

በጀርመን ከግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶይችላንድ ቲኬት የሚባል አገር አቀፍ ወርሃዊ ትኬት አለ። ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፤ በ2025 ወደ 58፣ ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ ወደ 63 ዩሮ ከፍ ብሏል። በከተማ አውቶቡስ፣ በትራም፣ በመሬት ውስጥ ባቡርና በክልል ባቡሮች ሁሉ ያገለግላል። አይሲኢና አይሲ በሚባሉት ፈጣን የረጅም ርቀት ባቡሮች ግን አያገለግልም፤ ትኬት አለኝ ብለው እዚያ ገብተው የተቀጡ አሉ። በየወሩ ራሱን የሚያድስ ውል ስለሆነ ማቆም ስትፈልጉ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ካለፈ የሚቀጥለውን ወር ትከፍላላችሁ። ወደ አገር ቤት ለዕረፍት የሚመጡ ሰዎች ይህንን ይረሱታል።

የሰዓት ሰሌዳው ግራ ያጋባኛል፤ እንዴት ላንብበው?

ይህ የእኛ የሐበሾች ልዩ ችግር ነው፤ ሌላ አገር በተጻፈ መመሪያም አታገኙትም። የእነርሱ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት፣ የእኛ ደግሞ ከንጋት ነው። ሰሌዳው በ24 ሰዓት ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ዘዴው ስድስት መቀነስ ነው፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና 12 ቀንሱ። ሰዓቱ ከ07፡00 በፊት ከሆነ ግን በመቀነስ ፈንታ ስድስት ደምሩ። 07፡40 የተጻፈው በእኛ ከጠዋቱ 1፡40 ነው። 13፡40 ከቀኑ 7፡40 ይሆናል። 19፡05 ደግሞ ከምሽቱ 1፡05 ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚጎዳው ግን ቀኑ ነው። እዚያ ቀን የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ትኬታችሁ ላይ «ቅዳሜ 00፡20» ተብሎ ከተጻፈ አውቶቡሱ የሚነሣው እኛ «ዓርብ ሌሊት 6፡20» በምንለው ሰዓት ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ይዞ ጣቢያ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል። ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄዱ ርካሽ የሌሊት አውቶቡሶች ብዙዎቹ በዚህ ሰዓት ስለሚነሡ፣ የሌሊት ትኬት በገዛችሁ ቁጥር ቀኑን ደግማችሁ አስሉት።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ። ወርሃዊ ትኬት የሚሠራው በፈረንጆቹ ወር ነው፤ የጃንዋሪ ትኬት በእኛ ከታኅሣሥ 23 ገደማ እስከ ጥር 23 ገደማ ያገለግላል። ቀን ሲጻፍ አውሮፓውያን ቀኑን፣ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ 05/03 በበርሊን ማርች 5፣ በዋሽንግተን ግን ሜይ 3 ነው። በአውሮፓና በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ክፍል ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀየራል። በአውሮፓ በማርች የመጨረሻ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይሆናል። ስልክ ራሱን ያስተካክላል፤ የእጅና የግድግዳ ሰዓት ግን አያስተካክልም። በማርቹ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል የሚደርሱበት ምክንያት ይኸው ነው።

የምመክራችሁ፣ ትኬትና ቀጠሮ ሁልጊዜ በእነርሱ ሰዓት ተናገሩ፤ ለእናትና ለአባት ስትደውሉ ብቻ ወደ እኛ መልሱት። ሁለቱን እያቀላቀሉ መኖር ያደክማል፣ ባቡርም ያሳልፋል።

ትክክለኛው አቅጣጫ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መስመሩ የሚጠራው በቁጥር ወይም በቀለም ነው፤ አቅጣጫው የሚታወቀው በመጨረሻው ፌርማታ ስም ነው። የምትወርዱበትን ብቻ ሳይሆን ከእሱ ወዲያ መስመሩ የት እንደሚያልቅ እወቁ። ከሽምብጥ ወደ ጊዮርጊስ የሚሄደውና ከዚያ የሚመለሰው ታክሲ የሚያዙት ከመንገዱ ተቃራኒ ጎኖች እንደሆነ ሁሉ፣ እዚያም ሁለቱ ጎኖች ተቃራኒ አቅጣጫ ናቸው። በእንግሊዝ ግን መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ እኛ በቀኝ ስለለመድን እጃችን የሚመራን ወደ ተሳሳተው ፌርማታ ነው። መንገድ ስትሻገሩም መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በጀርመን ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የክልል ባቡሮች መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የፊተኛው ክፍል ወደ አንድ ከተማ፣ የኋለኛው ወደ ሌላ ይሄዳል። የባቡሩን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትቀመጡ፤ የገባችሁበት ፉርጎ በር አጠገብ የተጻፈውን መድረሻ አንብቡ።

በሩ አልከፈትልህ አለኝ፤ ፌርማታዬም አለፈኝ። ምን ላድርግ?

በብዙ የአውሮፓ ባቡሮችና ትራሞች በር በራሱ አይከፈትም። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ አረንጓዴ ሲያበራ ትጫኑታላችሁ። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ከፌርማታው በፊት በምሶሶው ላይ ያለውን «አቁም» የሚል ቁልፍ መጫን አለባችሁ፤ ቁልፉ «ወራጅ አለ» የምንለውን ይተካል። ለመሳፈርም እንዲሁ ነው፤ ለንደን ፌርማታ ላይ ቆማችሁ እጅ ማሳየት ይጠቅማል፣ ያለዚያ ሾፌሩ ሌላ መስመር የምትጠብቁ መስሎት ሊያልፍ ይችላል። ፌርማታ ካመለጣችሁ በሚቀጥለው ወርዳችሁ ተመለሱ፤ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን እንዳትነኩ።

ከአውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ቀን በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ ይቻላል?

የሚቀበል ዘመድ ካለ ይቀበላችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ደረጃ መውጣት ፈተና ነው። ከሌለ ግን የሚያስፈራ አይደለም፣ ታክሲም ውድ ነው።

ፍራንክፈርት ላይ ኤስ8 እና ኤስ9 የሚባሉት ባቡሮች ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ይወስዳሉ። የሚነሡት ከክልል ባቡሮች ጣቢያ ነው፤ የረጅም ርቀቱ ጣቢያ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ዳለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜትሮው ሲልቨር መስመር ደርሶለታል። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄዱ ወገኖቻችን ግን በስሙ መመሳሰል እንዳይሳሳቱ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በቀዩ መስመር ላይ ስለሆነ ከተማው መካከል ወርዶ መቀየር ያስፈልጋል። ለንደን ሂትሮ ሲደርሱ የኤልዛቤት መስመርም የፒካዲሊ መስመርም ወደ ከተማ ይገባሉ፤ ሂትሮ ኤክስፕረስ ፈጣን ቢሆንም ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። ዱባይ ላይ ሜትሮው ወደ ተርሚናል 1 እና 3 ይደርሳል፤ ሆኖም አንድ ሰው ይዞ መግባት የሚፈቀድለት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው። ከእናት የተላከ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ለብቻው በማዳበሪያ ከተያዘ ችግር ይፈጥራል።

ለሴቶች፣ በተለይ ወደ ዓረብ አገሮች ለሚሄዱ እህቶች፣ ምን ትመክራላችሁ?

የዱባይ ሜትሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ያለ ሾፌር የሚሄድ ባቡር ነው። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለው፤ ወለሉ ላይ በሮዝ መስመር ተለይቷል። ወንድ ቢገባበት ይቀጣል። በባቡሩና በጣቢያው መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክም 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ ውኃ እንኳ ቢሆን። የሪያድ ሜትሮ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ስድስት መስመሮች አሉት፣ እሱም የቤተሰብ ክፍል ለይቷል። ከዚያ በፊት ያለ ታክሲ መንቀሳቀስ ለማይችሉ ሴቶች ይህ ብዙ ነገር የሚለውጥ ነው፤ በዕረፍት ቀን ጓደኛ ለመጠየቅ ወይም ገንዘብ ለመላክ በጥቂት ሪያል መመላለስ ይቻላል። መኖሪያ ፈቃዳችሁን፣ ኢቃማውን፣ ሁልጊዜ ያዙ። የምትኖሩበትን ሰፈርና በቅርብ ያለውን ጣቢያ ስም በዓረብኛ አስጽፋችሁ በወረቀትም በስልክም ይኑራችሁ።

ቤይሩት ለየት ትላለች። እዚያ ሰው በብዛት የሚጓጓዘው ከእኛ ጋር በሚመሳሰል የጋራ ታክሲ ነው፤ መስኮቱ ላይ መድረሻችሁን ትናገራላችሁ፣ ሾፌሩ ከተስማማ ትገባላችሁ። «ሰርቪስ» ካላችሁ የአንድ ወንበር ነው። «ታክሲ» ካላችሁ ግን ኮንትራት ማለት ስለሆነ ብዙ እጥፍ ትከፍላላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ቃሉን ራሳችሁ ተናገሩት።

እስራኤል አገር ቅዳሜ እንዴት ይኬዳል?

በአብዛኛው አይኬድም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶችና ባቡሮች መቆም ይጀምራሉ፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሃይፋን በመሳሰሉ ጥቂት ቦታዎች የተወሰነ አገልግሎት አለ። የዓርብ ጉዞ ካላችሁ እስከ ቀትር ጨርሱ፤ የአይሁድ በዓላትንም ቀን አስቀድማችሁ እወቁ።

ባቡርና አውቶቡስ ውስጥ ነውር የሚባለው ምንድን ነው?

ድምፅ ከፍ ማድረግ። እዚህ ረጅም መንገድ ስንሄድ ከጎናችን ከተቀመጠው ጋር እናወራለን፤ ወረታ ሳንደርስ ተዋውቀን፣ ቆሎ ተካፍለን ጨርሰናል። እዚያ ዝምታው ጥላቻ ወይም ንቀት አይደለም፤ ሰው ከሥራ ደክሞ ስለሚመለስ ዝም ማለት እንደ መከባበር ስለሚቆጠር ነው። አዲስ የሄዱ ልጆች «ማንም አያናግረኝም» ብለው ሲያዝኑ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ለጨዋታ ግን ሌላ ቦታ አለ።

በተለይ ስልክን በድምፅ ማጉያ አድርጎ ከቤተሰብ ጋር ማውራት ትልቅ ነውር ነው። የእኛ ሰው ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ነው አገር ቤት የሚደውለው፤ ጊዜ የሚያገኘው ያኔ ስለሆነ አይፈረድበትም። የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀም፣ ዝቅ አድርጎ ያውራ። በዋሽንግተን ሜትሮ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በቀኝ ቁሙ፣ በግራ የሚቸኩለው ያልፋል፤ በለንደንም በዋሽንግተንም እንዲሁ ነው።

ለሽማግሌ መነሣት ግን ከእኛ ጋር የሚሄድ ጥሩ ልማድ ነው። «ኖር» የምንልበት ቋንቋ ባይኖርም ተነሥታችሁ በእጅ አሳዩ። አንዳንድ አዛውንት «አመሰግናለሁ፣ አልቀመጥም» ቢሏችሁ አትቀየሙ፣ ደግማችሁም አታስገድዱ።

ቋንቋ ካልቻልኩ?

የምትሄዱበትን አድራሻ በአገሩ ፊደል ጽፋችሁ ማሳየት ከመናገር ይበልጣል። እኛ እንደሰማነው ስንጠራው ስሙ ስለሚለወጥ ሰው ላይረዳን ይችላል። የከተማውን ካርታ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ወደ ስልካችሁ አውርዱ፤ ያኔ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ትኬታችሁ ስልክ ውስጥ ከሆነ የባትሪ ማለቅ ትኬት ከማጣት አይለይም፤ ትንሽ የኃይል መሙያ ባትሪ ያዙ።

በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያገለግሉ ያደርጋል፤ «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነውና አትፈሩ። በየትኛውም ከተማ ቢሆን ሰው መጠየቅ አያሳፍርም። የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ፣ ልጅ የያዘች እናት ወይም ተማሪ ጠይቁ። ሰው አይረዳም የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ሳይጠየቅ አይናገርም እንጂ ሲጠየቅ ብዙው ቆሞ ያሳያል።

ባቡሩ ቢዘገይስ?

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ባቡር 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከዘገየ ከትኬቱ ዋጋ ሩቡ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከዘገየ ግማሹ ይመለሳል። መጠየቅ ያለባችሁ ግን እናንተ ናችሁ፤ ትኬቱን አትጣሉ። ባቡር እየቀየራችሁ የምትሄዱ ከሆነ መንገዱን ሁሉ በአንድ ትኬት ግዙ፤ አንዱ ዘግይቶ ሌላው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው የመሄድ መብት አላችሁ። የሥራ ማቆም አድማም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ስለሚነገር፣ ፈተና ወይም የቪዛ ቀጠሮ ሲኖራችሁ ከዋዜማው ዜና ተከታተሉ።

ብስክሌት የለመደ የባሕር ዳር ልጅ እዚያም መንዳት ይችላል?

ይችላል፣ ደስም ይለዋል። በጣና ዳር በዘንባባው ጥላ ሥር ብስክሌት ነድቶ ያደገ ልጅ ኔዘርላንድ ሲሄድ ከሌላው የአገሩ ልጅ ቀድሞ ይላመዳል። ነገር ግን ሕጉ ጥብቅ ነው። በማታ የፊትና የኋላ መብራት ግዴታ ነው፣ ያለዚያ ያስቀጣል። ለመታጠፍ በእጅ ማሳየት ያስፈልጋል። በእግረኛ መንገድ አይነዳም። በኔዘርላንድ ባቡር ብስክሌት ይዞ ለመግባት የብስክሌት ትኬት ይገዛል፤ በሥራ ቀናት ደግሞ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ12፡30 እስከ 3፡00 እና ከሰዓት ከ10፡00 እስከ 12፡30፣ አይፈቀድም። የሚታጠፍ ብስክሌት ተጣጥፎ ከተያዘ እንደ ሻንጣ ይቆጠራል። ያገለገለ ብስክሌት ስትገዙ ከመንገድ ላይ ሳይሆን ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ግዙ፤ የተሰረቀ ብስክሌት ይዞ መገኘት ጣጣው ብዙ ነው።

ልጄ ጀርመን ነው። ስደውልለት «ጨልሟል፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው» ይለኛል። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምን ላድርግ?

እማማ፣ አይጨነቁ። ባሕር ዳር ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ «ጨለመ» ሲባል እኛ ምሽት ይመስለናል። በርሊን ግን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በአካባቢው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ልጅዎ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው በቀን ነው፤ ሰማዩ ነው ቀድሞ የጨለመው። መንገዱ መብራት አለው፣ ፌርማታው ላይም ሌሎች ተማሪዎች አሉ።

ሲደውሉለት በእነርሱ ክረምት (በብርዱ ወራት) ጀርመን ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ፣ በበጋቸው ደግሞ አንድ ሰዓት ወደኋላ መሆኑን ያስቡ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ስልክ ባያነሣ ክፉ ነገር ደርሶበት ሳይሆን ሰው እንዳይረብሽ ብሎ ይሆናል። የሚሳፈርበትን መስመር ቁጥርና የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት ይንገርዎትና ጽፈው ያስቀምጡት፤ የት እንዳለ ማወቁ ልብ ያሳርፋል። ገንዘብ የሚልኩለት ከሆነም ከሁሉ በፊት ጥሩ ጫማና ጓንት እንዲገዛ ያድርጉ። አውቶቡስ ጠባቂን የሚጎዳው ብርድ የሚጀምረው ከእግርና ከእጅ ነው።

ዕቃ ብረሳስ?

የመስመሩን ቁጥር፣ አቅጣጫውንና የወረዳችሁበትን ሰዓት ወዲያውኑ ጻፉ። ትልልቅ ከተሞች ሁሉ የጠፋ ዕቃ የሚሰበሰብበት ቢሮ አላቸው፤ ፓስፖርትና ቦርሳ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የፓስፖርቱን ፎቶግራፍ አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ልካችሁ ከሆነ ሥራው ይቀልላል።

ከመሄዴ በፊት እዚህ ሆኜ መለማመድ የምችለው ነገር አለ?

አለ። ስልካችሁን ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሩትና እስክትሄዱ ድረስ አትመልሱት። የምትኖሩበትን አድራሻ ካርታ ላይ ፈልጋችሁ ቅርቡ ፌርማታ የቱ እንደሆነ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ቦታ ስንት ቁጥር እንደሚሄድ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ለቪዛ ቀጠሮ አዲስ አበባ ስትሄዱ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ተሳፈሩ፤ ትኬት ከመሳፈር በፊት መግዛትን፣ በመጨረሻው ጣቢያ ስም አቅጣጫ መለየትንና ጣቢያ እየቆጠሩ መውረድን እዚያው ትለማመዳላችሁ። ትንንሽ ልጆች አብረዋችሁ የሚሄዱ ከሆነ እነርሱንም ይዛችሁ ውጡ፤ ባቡሩ ሲመጣ ከጠርዙ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ወደኋላ መቆምን በመጀመሪያ ማየት ያለባቸው ከእናንተ ነው።